ሳልሞት የተተከለው ድንኳን

ሰው ከሞተ በኋላ ምን እንደሚባልለት አያውቅም ይላሉ። እኔ አውቃለሁ። አልጋዬ ላይ በሆዴ ተኝቼ አንድ በአንድ ሰምቼዋለሁ። ከልቡ ያለቀሰውን፣ ለወጉ ያለቀሰውን፣ ከጎረቤቱ አፍ እየቀማ ያለቀሰውን ሁሉ ለይቼ አውቃለሁ። ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን አንድም የሳቀ አልነበረም።

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ሳምራዊት ትጽፋለች። «አያቴ፣ ከመንገድ አትውጪ» እያለች ትቆጣኛለች። እግሬም አፌም ቀጥ ብለው ሄደው የማያውቁ ሰው ነኝና ታገሡኝ።

አገሬ ወላይታ ነው። ከባሌ ጋር ሀና ማርያም ስንገባ ከቤታችን ጓሮ ጀምሮ እስከ ፉሪ ድረስ ማሳ ነበር። አሁን ማሳው ፎቅ አብቅሏል። ባሌ ካረፈ ወዲህ የምኖረው ከልጄ ከምሕረትና ከሳምራዊት ጋር ነው። ምሕረት ልብስ ሰፊ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት፤ ብርድ ሲሆን፣ አቧራ ሲነሳ፣ ስትደነግጥም ደረቷ ያፏጫል። ይህን ያዙልኝ። የታሪኩ ፍርሃት ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

የአንቺስ ሥራ ምን ነበር ብትሉኝ፣ መዞር ነው። የታመመ መጠየቅ፣ የወለደች ማየት፣ ሐዘንተኛ ማጽናናት። ጴንጤ ነው፣ ኦርቶዶክስ ነው፣ እስላም ነው አልልም፤ የታመመ ሰው ሁሉ ዘመዴ ነው። ጠዋት የወጣሁ ሳልመለስ ይመሻል። ለዚህ ነው ሰፈሩ «እማማ ዞሬ» ያለኝ። ስሜ ታደለች መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ከእጄ የማትለይ የወይራ ዱላ አለችኝ። ደጃፍ ስደርስ የማንኳኳው በእሷ ነው፤ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት። ኳ ኳ... ኳ! ከዚያ «ቤቶች!» እላለሁ። ድምፁን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። «እማማ ዞሬ መጣች፣ ወሬ መጣ!» ብለው ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ፤ ወሬ የማይወድ በሽተኛ እስካሁን አላየሁም።

ያ ኮሮና የሚሉት በሽታ ሲመጣ እንግዲህ ከሁሉ በፊት የታሰረው የእኔ እግር ነው። በየበሩ ባልዲና ሳሙና ተቀመጠ። ሰው በክርኑ ይሳለም ጀመር። ጸሎታችን በስልክ ሆነ። እድራችንም ድንኳን መትከል አቆመ፤ ጡሩንባ አይነፋ፣ ሰው አይሰበሰብ፣ ቀብር የሚሄደው ጥቂት የቅርብ ዘመድ ብቻ። በዚህ በሽታ የሞተማ ከሐኪም ቤት ቀጥታ ወደ መቃብር ነው እየተባለ ይወራ ነበር። ከበሽታው ይልቅ እኔ የምፈራው ይኼንን ነበር። ስንቱን ያለቀስኩ ሰው፣ እኔ ሳይለቀስልኝ ልሄድ ነው? እል ነበር በሆዴ። እግዚአብሔር ይህን ሰምቶ ሳይስቅብኝ አልቀረም።

በክረምቱ መሃል አንድ ቀን ምሳ ላይ ቃሪያ ገመጥኩና አላቃጠለኝም።

«ምሕረት፣ ይኼ ቃሪያ ነው ወይስ ሣር ነው የሸጡልሽ?» አልኳት።

እሷ ቀመሰችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከቃሪያው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ገብቷት ኖሯል። በማግስቱ ትኩሳቱ ጣለኝ። ምሕረት ሳምራዊትን አክስቷ ዘንድ ላከቻትና ጤና ጣቢያ ደወለች።

ሲስተር ትዕግስትን ያወቅኳት እንዲህ ነው። አወቅኳት ማለት ይቻል እንደሆነ እንጃ። ከላይ እስከ ታች በነጭ ላስቲክ ተጠቅልላ ነበር የመጣችው፤ ከሰውነቷ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። እሱም በላስቲክ መስተዋት ውስጥ።

«እማማ፣ አይነሱ። ሲስተር ትዕግስት እባላለሁ።»

«ፊትሽን ሳላይ እንዴት ብዬ ልመርቅሽ ልጄ?»

«ሲሻልዎት ያዩታል። አሁን ጣትዎን ይስጡኝ።»

እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ ነገር ጣቴ ላይ አደረገችና ቁጥሩን አይታ ዝም አለች። የሐኪም ዝምታ አውቃለሁ፤ ስንት በሽተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ከእኔም ከምሕረትም ናሙና ወሰደች። ውጤቱን ይዛ ተመልሳ ስትመጣ እኔ አለብኝ፣ ምሕረት ነጻ ናት።

«ሐኪም ቤቶቹ ሞልተዋል» አለች ሲስተር። «ስምዎን አስመዝግቤያለሁ፤ አልጋ ሲገኝ እንወስድዎታለን። እስከዚያ ጠዋትና ማታ እመጣለሁ። እርስዎ በሆድዎ ይተኙ።»

«በሆዴ? እኔ አሮጊቷ? በሆዱ የሚተኛ ያኮረፈ ልጅ ነው።»

«እንግዲያው ያኩርፉ እማማ። በሆድዎ ሲተኙ ሳንባዎ የተሻለ አየር ያገኛል።»

አኮረፍኩላት። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ መሃሏን በመጋረጃ ከፍለናታል። ሲስተር መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ሌላውን አልጋ አየች።

«እዚህ የሚተኛው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ምሕረት። ይኼን ስትል ደረቷ አፏጨ። ሲስተር ወደ እሷ ዞረች።

«አስም አለብሽ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ አስም የለም። ከዚህ ቤት መውጣት አለብሽ፤ ዛሬውኑ። ይኼ በሽታ አንቺን ከያዘሽ አልዋሽሽም፣ ከእሳቸው ይብስብሻል።»

«እናቴን ታማ ጥያት ልሂድ?» አለች ልጄ። «ሰው ምን ይለኛል? ሰውስ ይቅር፣ እኔ ለራሴ ምን እለዋለሁ?»

እኔም ከትራሱ ውስጥ «ሂጂ» አልኩ፤ ማን ይሰማኛል! ሲስተር ብዙ ለመነቻት። የእኔ ልጅ ግን እንቢ ካለች እንቢ ናት፤ እሱን ከእኔ ነው የወሰደችው። በመጨረሻ ሲስተር ደክሟት፣ «እሺ አትሂጂ። ግን በአንድ ጣራ ሥር አትደሩ» አለቻት።

«ሌላ ጣራ ከየት አመጣለሁ? ግቢው ላይ ዝናብ እየመታኝ ልደር?»

ከበሩ ውጭ አንድ ጉሮሮ ተጠረገ። ጋሽ በላቸው ናቸው፣ የእድራችን ዳኛ፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር። ጭምብላቸውን አድርገው ራቅ ብለው ሊጠይቁኝ ቆመው ኖሯል።

«ሲስተር፣ የቸገራችሁ ጣራ ብቻ ነው?» አሉ። «የእድሩን ድንኳን መጋዘን ውስጥ አይጥ እየበላው ነው።»

ምሕረት ጮኸች። «ጋሼ! ሰው ሳይሞት ድንኳን?»

«ልጄ፣ ሟች መቼ ድንኳን ውስጥ ገብቶ ያውቃል? ድንኳን የተሰፋው ለቀሪው ነው። አንቺ ደግሞ እንድትቀሪ እንፈልጋለን።»

እኔ ይኼን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሲስተርም ዞር ብላ አየቻቸውና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ጤና ጣቢያ ቢቀጠሩ ይሻል ነበር» አለቻቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ምሕረት መድኃኒት ልትገዛ ወጣች። የአስሟ ፓፍ አልቆ ነበር፤ ሰፈር ውስጥ ስላጣች እስከ መካኒሳ አቦ ወረደች። እሷ እንደሄደች ጋሽ በላቸው ከሦስት ጎረምሶች ጋር መጡ። ካስማ ሲመታ፣ ሸራ ሲጎተት፣ «ወደዚህ ሳበው፣ ላላ አድርገው» ሲባል በመስኮቱ በኩል እሰማለሁ። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ የድንኳኑ ግማሽ ከበሩ ውጭ መንገዱ ላይ ወጣ። ከዚያ ጋሽ በላቸው፣ «ይቺ ልጅ መሬት ላይ አትተኛም፤ ኑ፣ ከቤቴ አልጋና ፍራሽ እናምጣ» አሉና ሁሉም ተያይዘው ሄዱ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ድንኳኑን ብቻውን ትተውት ሄዱ።

እናንተ የእኛን አገር ታውቃላችሁ። በአንድ ሰው በር ላይ የእድር ድንኳን ቆሞ የሚያይ ሰው ማንን ይጠይቃል? ምንስ ይጠይቃል?

መጀመሪያ የመጣችው ጫልቱ ናት። ጫልቱ የፉሪ ገበሬ ባልቴት ናት፤ ከመሬቱ የተረፈቻትን ቁራጭ ዛሬም ታርሳለች፣ ላሞችም አሏት። ወተት ማምጣት የጀመረችልን ምሕረትን ሳጠባ ነው፤ ከእህት አላንሳትም። እኔን «ታዴ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ጠርሙሶቿ ሲንኳኩ ሰማሁ። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ተሰበረ።

«አኒ በዴ! አኒ በዴ! ታዴ ኮ! ታዴ ኮ!»

ጠፋሁ፣ የእኔ ታዴ፣ ማለቷ ነው። ያ ጩኸት ግድግዳውን አልፎ አጥንቴ ውስጥ ገባ። «አለሁ» ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሳል ነው።

ጎረቤት መውጣት ጀመረ። ነጠላ እየተዘቀዘቀ፣ እግር እየተጎተተ ሲመጣ ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ከመሃላቸው አንዷ ነበርኩ።

«ጡሩንባ እኮ አልተነፋም!» አለች አንዷ።

«በዚያ በሽታ ለሞተች ሰው ጡሩንባ ማን ይነፋላታል?» አለች ሌላዋ። «ደብቀው ሊቀብሯት ነው!»

«እማማ ዞሬን? እሷን ደብቆ መቅበርማ አይቻልም!»

በቃ፣ ያ ሁሉ ወራት በየቤቱ ታፍኖ የከረመ ለቅሶ በእኔ በር ላይ ፈነዳ። በዚያ ክረምት ዘመዱን ሳያለቅስ የቀበረ ሁሉ በእኔ አሳብቦ የራሱንም አለቀሰ መሰለኝ። ወይዘሮ አልማዝ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ፣ «ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ!» ስትል ሰማሁ። ወይ ጉድ፣ አልኩ። በበጋ በፍሳሽ ቦይ የተነሳ ተጣልተን፣ ምላሷ ድንጋይ ይፈልጣል ያለችኝ እሷው አይደለችም? አንድ ሰውዬ ደግሞ በጎርናና ድምፅ፣ «ባለቤቴ በተኛች ጊዜ ዱላዋን ስትሰማ ፊቷ ይበራ ነበር። ዛሬም መጣች፣ አልተረሳሁም ትል ነበር» አለ። ይኼን አላውቅም ነበር። እኔ ስዞር ጊዜዬን የማሳልፍ ነበር የሚመስለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ጣመኝ። ትንሽ ቢቀጥሉ ደስ ባለኝ ነበር።

ያኔ የምሕረትን ድምፅ ሰማሁ።

«ምንድነው? ምን ሆናችሁ ነው?... እማዬ! እማዬን!»

ጠዋት ስትወጣ ድንኳን አልነበረም። አሁን ድንኳን ቆሟል፣ ሰፈሩ ያለቅሳል። ድንኳኑ ለእሷ እንደታሰበ ያን ለቅሶ የሰማ ማን ያስታውሳል? ልጄ ምን ታስብ? «አላየኋት! ሳላያት!» ስትል ሰማኋት፤ ከዚያ ሰዉ ወደ እሷ ጎረፈ። በእኛ ዘንድ የእናት ሐዘንተኛን ቆሞ ማየት የለም፤ አንገቷ ላይ ወድቀህ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመህ አብረህ ታለቅሳለህ። ርቀቱ ተረሳ፣ ጭምብሉ አገጭ ላይ ወረደ። አንዷ ስትለቅ ሌላዋ ትይዛታለች። ማን በሽታው እንዳለበት ማን ያውቃል?

ቀስ በቀስ የልጄ ጩኸት ቀነሰ። የተጽናናች መስሏቸው ይሆናል። እኔ እናቷ ነኝ፤ ያ ዝምታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ለቅሶ አልፎ ፉጨቷ ተሰማኝ። አየር እያጠራት ነው። ፓፉ በቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ እጆቿን ደግሞ ሰው ይዟቸዋል።

በዚያው ቅጽበት ሲስተር ትዕግስት ደረሰች። «ልቀቋት! አትቀፏት! እማማ አልሞቱም!» ስትል ሰማሁ። ያ ጭምብልና ላስቲክ ድምፅዋን ዋጠው። ሰዉ ያየው በነጭ የተጠቀለለ ሰው ነው። በነጭ የተጠቀለለ ሰው በለቅሶ ቤት በር ምን ይሠራል?

«ይኸው ሊወስዷት መጡ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ለቅሶው እጥፍ ሆነ። ሲስተርን መንገድ ከለከሏት።

ከእኔ በቀር የሚያስቆም አልነበረም። አልጋው ላይ ተንከባልዬ ወረድኩ፤ መውረድ አይባልም፣ ወደቅኩ። ዱላዬ በራስጌዬ ተደግፋ ነበር። እሷን ይዤ በጉልበቴ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ በጤናዬ ጊዜ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ነው፤ ያን ቀን ግን ከሀና ማርያም ፉሪ ራቀብኝ። መሃል ላይ ቆሜ ተነፈስኩ። እንደገና ሄድኩ። መስኮቱ ላሜራ ነው፣ ተዘግቷል፤ መቀርቀሪያው ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ልጮህ አልችልም። ልከፍት አልችልም።

ዱላዬን አነሳሁ። ኳ ኳ... እዚህ ላይ ትንፋሼ አለቀ። ሦስተኛዋን ሳልመታ ቀረሁ። ማንም አልሰማም። የምሕረት ፉጨት ደግሞ እየቀጠነ ነው። ጌታ ሆይ፣ እኔን ከወሰድከኝ ውሰደኝ፣ አሁን ግን ለሦስት ምት የሚሆን አየር ስጠኝ አልኩ።

ኳ ኳ... ኳ!

በር ላይ የነበረው ሰው ዝም አለ። አንድ የሚያለቅስ ሕፃን ብቻ ቀረ።

«ዝም! ዝም በሉ!» አለች ጫልቱ። «ዱላዋ ነው!»

«ኧረ በሥላሴ! መንፈሷ ይሆናል» አለች ወይዘሮ አልማዝ።

«መንፈስ ዱላ ይይዛል እንዴ አንቺ? ታዴ ናት! ታዴ፣ አለሽ?»

ደግሜ መታሁ። አንዴ ብቻ። ከዚያ በላይ አቅም አልነበረኝም።

በዚያ ዝምታ መሃል ሲስተር ልጄ ጋ ደረሰች። «ወዲያ በሉ፣ ቦታ ስጧት! ምሕረት፣ እይኝ። እናትሽ አለች፣ ሰምተሻታል። ፓፉ የት ነው? ሳቢ... ያዢው... ቀስ ብለሽ አውጪ። ደግሞ ሳቢ።» እኔም ከውስጥ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ አብሬ እስባለሁ፣ አብሬ አወጣለሁ። ፉጨቱ ላላ አለ። ከዚያ ልጄ በቀጭን ድምፅ «እማዬ» አለች። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት መዝሙር ሁሉ የዚያን ያህል አልጣመኝም።

ሲስተር ወደ እኔ ገባች። ወለሉ ላይ አገኘችኝ።

«ማን ተነሱ አለዎት?»

«ለቅሶዬ ላይ... ልገኝ ብዬ ነው።»

ዓይኗ ሲስቅ አየሁት። ወዲያው ደግሞ መስተዋቱ በእንባ ደበዘዘ፤ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ መጥረግ አትችል። «በሆድሽ ነው የወደቅሽው፤ ጎበዝ ነሽ እናቴ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንቱታው ቀረ።

ጋሽ በላቸው ፍራሽ በራሳቸው ተሸክመው ሲመለሱ ያን ሁሉ ሰው አይተው ክው አሉ። የሆነውን ሲነግሯቸው ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እድርተኛ ስማ! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ድንኳን ያለ ጠባቂ ትቼ ሄድኩ። ሰው አልሞተም። ግን እንዲህ ተቃቅፈን ከቆየን ይሞታል፣ ያኔ ድንኳናችን አይበቃም። እስከ ዛሬ ለቅሶ የቀረ ይቀጣ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር ላይ የተሰበሰበ ይቀጣል! የምንጠይቃት በተራ፣ ከበሩ ውጭ ነው።»

«ከበሩ ውጭ ሆነን ምን ብለን እንጠይቃታለን? መናገር አትችል» አለ አንዱ።

ጫልቱ መለሰችለት። «እሷ እኛን እንዴት ነበር የምትጠይቀን?»

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ምሕረት ድንኳኑ ውስጥ ማደር ጀመረች። ምግቤን በር ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ ያንን ላስቲክ የለበሰች ሲስተር ጠዋትና ማታ ትገባለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሰው ሥራው ሲሄድ በራችንን በድንጋይም በጣቱም እያንኳኳ ያልፋል። ኳ ኳ... ኳ! የእኔን ማንኳኳት። እኔም አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ ክንዴን ዘርግቼ የመስኮቱን ላሜራ በዱላዬ መታ መታ አደርጋለሁ። አለሁ ማለቴ ነው። ያ ነው ጥየቃው። ብዙም ሳይቆይ አመታታቸውን ሰምቼ ማን እንደሆነ አውቅ ጀመር። ወይዘሮ አልማዝ ስታንኳኳ የመጨረሻዋን በጣም ታዘገያለች፤ ድሮም ነገር ማዘግየት ትወዳለች።

አንድ ጠዋት ጫልቱ አንኳኳች። ሰማኋት። እጄ ግን አልተነሳም። ዱላዋ እዚያው አጠገቤ ናት፣ አያታለሁ፣ ግን የሌላ ሰው ዱላ መሰለችኝ። ደግማ አንኳኳች። ጨለምለም አለብኝ።

ጫልቱ አልጮኸችም፤ አንዴ ጮኻ ተምራለች። በሩንም ጥሳ አልገባችም። ድንኳኑ ጋ ሄዳ ምሕረትን፣ «ደውዪ። አልመለሰችም» አለቻት። ሲስተር ስትደርስ ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኖ ነበር አሉ። ከጤና ጣቢያው የኦክስጅን ሲሊንደር አስጭና ነው የመጣችው። ጋሽ በላቸው የጎረቤት ፒክአፕ አስነሱ፤ ጡረታ የወጡት ሾፌር እንደገና መሪ ጨበጡ። ሲስተር ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀመጠች፤ የኦክስጅኑን ጭምብል አፌ ላይ ይዛ፣ ሌላ እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ። አልጋውን እንዴት እንዳገኘችው አላውቅም። ስልክ ላይ ስትለምን፣ ስትቆጣ፣ ደግሞ ስትለምን ነበር የምሰማው። «እናቴ ናት» ስትል ሰማኋት። ለማን እንደምትል አላውቅም፤ እኔ ግን እውነት ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ሐኪሞቹ በኋላ ምሕረትን፣ ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ ብለው ጀምረው ሳይጨርሱ ተዉት። ምሕረት በሽታው ሳይነካት ወጣች። እኔ ደግሞ ይኸው እያወራሁላችሁ ነው።

እንግዲህ እናንተ የምታነብቡ፣ ብዙዎቻችሁ የተማራችሁ ናችሁ፤ እኔ የማስተምራችሁ የለኝም። የገረመኝን ብቻ ልንገራችሁ። ዓለም ሁሉ ተራራቁ ሲል እኔ ወዳጅነት አበቃ ብዬ ነበር። ለካ እኛ ሰዎች መንገድ ሲዘጋብን ሌላ መንገድ እናውቃለን። የቀብር ድንኳን የልጄን ሳንባ ጠበቀ። ለለቅሶ የተቋቋመ እድር ለቅሶ ከለከለ። መንደሩ ስሜን ሳይጠራ ጠየቀኝ። ለሞት መቅረቤንም ከሐኪሙ መሣሪያ ቀድማ ያወቀችው ወተት ሻጭ ናት፣ ያዳነችኝ ግን ያቺ ሲስተር ናት፤ አንዷ ያለ አንዷ አይሆንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስሄድ እንደ ድሮው ጊዜ ለማሳለፍ አይደለም። አንድ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ዱላዬን እየጠበቀ ይሆናል ብዬ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ፤ ሳምራዊት ዓይኗን እያፈጠጠችብኝ ነው።

ድኜ እቤቴ ገብቼ፣ እግሬ ትንሽ ሲጠና፣ ሲስተር ትዕግስትን ባይ ባይ አጣኋት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሄጄ ጠየቅኩ። «ታማለች፤ እሷንም ያዛት። መካኒሳ አቦ ቤቷ ተኝታለች፤ ልጇን እንዳታስይዘው ብላ እናቷ ዘንድ ልካዋለች፣ ብቻዋን ናት» አሉኝ። ምሕረት «ገና አልጠነከርሽም» አለችኝ። እንቢ ካልኩ ደግሞ እኔም እንቢ ነኝ። ጭምብሌን አድርጌ፣ በየመንገዱ እየተቀመጥኩ ሄድኩ። ቤቷን አሳዩኝ። ሰማያዊ የላሜራ በር ነው።

አልገባሁም። በሩ ጋ ቆሜ ዱላዬን አነሳሁ። ኳ ኳ... ኳ!

ዝም አለ። ጫልቱ ያን ቀን ምን እንደተሰማት ያኔ ገባኝ። ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግኩ። ደግሜ መታሁ።

ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ በማንኪያ ይሁን በጣት አላውቅም፣ የመስኮት መስተዋት ሲንኳኳ ተሰማኝ። ሁለቴ ፈጠን። አንዴ ዘግየት።

ቀና ስል በመስኮቱ በኩል መጋረጃው ገለጥ አለ። አንዲት ቀጭን፣ ጠይም፣ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ያላት ሴት ቆማለች። መጀመሪያ አላወቅኳትም፤ ከዚህ በፊት አይቻት አላውቅማ። ከዚያ ዓይኗ ሳቀ።

ዱላዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ፊቷን እያየሁ መረቅኳት።